እጃችን ይባረክ

ሰው ስለ ጭብጨባ ክፉ ሲናገር ስሰማ ያመኛል። «አጨብጫቢ» ማለት ስድብ ሆኗል። ግፍ ነው። እኔ በድሬዳዋ አዳራሾች ለዓመታት ያጨበጨብኩ ሰው ነኝ፤ መዳፌን ያየ ድንጋይ ፈላጭ ይመስለዋል። ለሙያው ልመስክር።

ባለፈው ስለ ውሃ ስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ ይፋጃል። ከአራቱ ቬንትሌተር የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ለራሱ ነው የሚዞረው። የመድረክ መሪው የክብር እንግዳውን አስተዋወቀ፤ አጨበጨብን። «ደከም አለብኝ! ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? የድሬ ልጆች እንዲህ አይደሉም!» አለ። የበላን ለመምሰል ደግመን አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን አልበላንም፤ ፕሮግራሙ ላይ «የሻይ ሰዓት» የሚል አይተን ለሳምቡሳው ቦታ ትተንለት ነው የመጣነው።

እንግዳው ጀመሩ። «ባለፈው ዓመት ካቀድነው ውስጥ አብዛኛው...» አሉና ጉሮሯቸው ደረቀ። ቆም ብለው የታሸገውን ውሃ ከፈቱ። ያቺን ዝምታ አዳራሹ አላባከናትም። ከፊት ረድፍ አንዱ ጀመረ፣ እኛም ተከተልን። ጠጥተው ጨረሱ፣ በእጃቸው አመሰገኑንና «...አልተሳካም» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ዘጉት። ይኸም ተጨበጨበለት። ማንም እንዳይፈርድብን። ውሃ ሲወርድ ካየን ብዙ ቀን ሆኖን ነበር፤ በሰው ጉሮሮም ቢሆን ያስደስታል።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ተኝቷል። ዓይኑ ተከድኗል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ እጁ ግን ሥራ ላይ ነው። አንድም ጭብጨባ አላመለጠውም። እንዲያውም አንዴ እኔ ስዘገይ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። ሳይነቃ! እዚህ ደረጃ ለመድረስ ስንት ስብሰባ እንደሚፈጅ የተሰበሰበ ያውቀዋል።

ከዚያ የጥያቄ ሰዓት መጣ። ከኋላ አንድ ጋሼ ተነሱ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሳል ብለው፣ «ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» አሉ። የመድረክ መሪው ፊቱ በራ። «ድንቅ ጥያቄ! እስኪ ለአባታችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» አዳራሹ ተናጋ። ጋሼ ግራ ቀኝ አዩ፣ ትንሽ ቆዩና እሳቸውም አብረውን አጨብጭበው ተቀመጡ። ጥያቄ እንዲህ በክብር ሲሸኝ አይቼ አላውቅም።

ሙያው መጤ እንዳይመስላችሁ እንጂ ታላላቆች አሉት። የሮሙ ቄሳር ኔሮ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዘፍን የሚያጨበጭቡለት ከ5,000 በላይ ጎረምሶች ነበሩት። በስልት የሰለጠኑ ናቸው፤ እንደ ንብ የሚያስገመግም ጭብጨባ ነበራቸው፣ እንደ ጣሪያ ሸክላ የሚንኳኳ ጭብጨባም እንዲሁ። ፓሪስም ብትሄዱ በ1820 እንደ ፈረንጆቹ ለቲያትር ቤት አጨብጫቢ የሚያቀርብ ቢሮ ተከፍቶ ነበር። ሳቂው ለብቻ፣ አልቃሿ መሐረቧን ይዛ ለብቻ፣ «ይደገም!» ባዩ ለብቻ፣ ሁሉም በክፍያ። እኛ የኔሮንም የፓሪስንም ሥራ ደርበን በአንድ ጠርሙስ ውሃና በሁለት ሳምቡሳ እንሠራለን። አበል ካለ ደግሞ እናለቅሳለን።

የድሮ ሰው ግን ማድነቅ አያውቅም ነበር። ስስታም ነው። ቅኔ ሲዘረፍ «ይበል!» ለማለት ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እስኪያገኝ ይጠብቃል። ሕፃን «ጎሽ!» ለመባል አንድ ነገር ሠርቶ መገኘት አለበት። «አበጀህ» ለመባልም መጀመሪያ ማበጀት ነው። እልልታ ሙሽራ ወይም አራስ ይፈልጋል። «አሜን» እንኳ መዳፉን ዘርግቶ ምርቃቱ ተነግሮ እስኪያልቅ ይታገሣል። የድሬ ሰው «አቦ ይመችህ!» የሚለውም አንተ ለእሱ ከተመቸኸው በኋላ ነው። ይኼ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ለምን? ጭብጨባ ምንም አይጠይቅም። መስማት አይጠይቅ፣ መግባት አይጠይቅ፣ ጎረቤቴን እንዳያችሁት መንቃትም አይጠይቅ።

ቋንቋችን ምቀኛ ባይሆን ኖሮማ! ሰው ያሰበው ቀርቶበት ባዶ እጁን ሲመለስ «አጨብጭቦ ቀረ» ይላል። ይህን አባባል የፈጠረው መቼም አበል ያልደረሰው ሰው መሆን አለበት።

ከተማችንም ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ እዚህ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። በፉጨት ተወልዳ በጭብጨባ የምታድግ ከተማ ሌላ የት ትገኛለች? ፉጨቱ ሲያልፍ ግን ዕቃ ይዞ ይመጣ ነበር። የዱሮ ነገር ነው፤ እንተወው።

አንድ ወዳጄ ሐሳብ አመጣ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲያደንቁ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ያወዛውዛሉ። እኛም እንዲያ ብናደርግ፣ በዚህ ሙቀት እርስ በርስ እንራገባለን አለ። ጥሩ ነበር፣ ግን አደገኛ ነው። ድምፅ ከሌለ ንግግሩ ሊሰማ ነው።

ሌላው ቅር የሚለኝ የድሬዋ ሰፈር የከዚራ ነገር ነው። እዚያ ዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ ሁለቴ ጨብ ጨብ ስታደርግ አስተናጋጁ ይመጣል፣ ማኪያቶም ይከተላል። ይህ ጭብጨባን ማዋረድ ነው። አጨብጭቦ ማኪያቶ ማግኘት ምን ጀግንነት አለው? ያንኑ እጅ አዳራሽ ወስደህ ሦስት ሰዓት ስታጋጨው ምንም አይመጣም፤ ነገም ሲጠሩህ ትሄዳለህ። ንጹሕ ፍቅር ማለት እሱ ነው። በነገራችን ላይ ከስብሰባው ስወጣ ከዚራ ገብቼ ነበር። እጄ ገና አልበረደም፤ አስተናጋጁን ልጠራ ብዬ በአዳራሹ ልክ ሳጋጨው ከጎን ያሉት ሦስት ጠረጴዛዎች አብረው አጨበጨቡ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አስተናጋጁ ብቻ እጅ ነሥቶ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ማኪያቶው አልመጣም።

ቤቴ ስደርስ ጎረቤቴ እማማ በር ላይ ናቸው። ፊታቸው ሁለት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። የድሬ ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡን ነጭ ቅርፊት እንደሚይዝ የሚያውቅ ያውቃል፤ እማማ ከፈረቃው ወዲህ ማንቆርቆሪያቸውን እየከፈቱ ቅርፊቱን ነው የሚያዩት፣ ለትዝታ።

«ልጄ፣ ምን ተባለ?» አሉኝ።

«እማማ፣ በጣም ተጨበጨበ!»

«ውሃውስ?»

«እሱን ጋሼ አንድ ሰው ጠይቀው ነበር።»

«እሺ፣ ምን ተመለሰላቸው?»

«ለእሳቸውም ተጨበጨበላቸው።»

እማማ ትንሽ አሰቡ። «አቦ ይመቻችሁ!» አሉ። ከዚያ አንዱን ጀሪካን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «በል ተነሥ፣ ከታች ቦቴ መጥቷል ብለዋል። ሁለቱንም አንተው ያዝልኝ። እጅህ እንደሁ ሞቋል።»