ስለ ፊጂ መንደሮች ትንሽ ልጨምር

ብቻቸውን ወደ ፊጂ፣ የፓሲፊክ ደሴቶች አገር፣ ለሚሄዱ ሴቶች ምክር የሚሰጥ ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጽሑፉ «ከመሸ በእግር አትሂጂ፣ ታክሲ ያዢ» ማለቱ ልክ ነው። ዋና ከተማዋ ሱቫም፣ ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ናንዲም እንደዚያው ነው። ስለ መንደሮቹ ግን ምንም አላለም፤ እኔ ደግሞ የተሸማቀቅኩት እዚያ ነው። ኮፍያዬን እንዳደረግኩ ዘው ብዬ ገባሁ፤ ሰው ሁሉ አፈጠጠብኝ። ለካ መንደር ውስጥ ኮፍያ ማድረግ ነውር ነው! ትከሻና ጉልበትም ይሸፈናል። ሱሉ የሚሉትን ጨርቅ ወገብ ላይ ማሸረጥ ነው፤ ነጠላ ለብሰን ላደግነው ምን ይከብደናል? ለመንደሩ አለቃ ካቫ የሚባለው መጠጥ የሚዘጋጅበትን የተክል ሥር በስጦታ ይዛችሁ ሂዱ፤ ገበያ ላይ እየታሰረ ይሸጣል። አንዴ እንግዳ ብለው ከተቀበሏችሁ መንደርተኛው ራሱ ይጠብቃችኋል።

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ጀልባ ሊቀር ስለሚችል የመመለሻ በረራችሁን ከደሴት በጀልባ በምትመለሱበት ቀን ማግስት አትቁረጡ። የፖሊስ ስልክ 917 ነው።