«ጂሜይልም ክፈትልኝ እስቲ»

ኧረ በናታችሁ ይኼ ነገር ይብቃ!

ሞባይል ቤት ገብታችሁ ስልክ ትመርጣላችሁ፣ በከቨሩ ዋጋ 50 ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ትሟገታላችሁ። ከዚያ ልጁን «ጂሜይልም ክፈትልኝ እስቲ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ጫንልኝ» ትሉትና ቡና ልትጠጡ ትወጣላችሁ። ፓስወርዱን ማን መረጠ? ልጁ። የት ተጻፈ? የትም። በጥድፊያ ስማችሁ ላይ 1234 ቀጥሎ አልፏል። ለደንበኛው ሁሉ አንድ ፓስወርድ የሚሰጥም ሞልቷል።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ መክፈቱ ሲታክተው የሱቁን ጂሜይል አስገብቶ የሚሰጣችሁ ነው። አፑ ይወርዳል፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ ስልካችሁ ላይ «ሰለሞን ቆርቆሮ»፣ «እትዬ አልማዝ እቁብ» የሚባሉ የማታውቋቸው ሰዎች ይደረደራሉ። ቫይረስ አይደለም፤ ጠበልም አያስፈልገው። ኮንታክት ሲንክ (ስልክ ላይ ያሉ ስሞችን ከጂሜይሉ ጋር የሚያመሳስለው) በርቶ ከሆነ በዚያ ጂሜይል ላይ የተመዘገበ ስም በዚያው ጂሜይል የገባ ስልክ ሁሉ ላይ ይወጣል። ሰለሞን ቆርቆሮ እናንተ ጋ ከመጣ የእናንተም ዘመድ አዝማድ ሰለሞንን የመዘገበው ሰው ስልክ ላይ ሊወጣ ይችላል። የፎቶ ባክአፕ በርቶ ከሆነማ የልጆቻችሁ ፎቶ ሱቁ አካውንት ውስጥ ነው። ክሮም «ሴቭ ፓስወርድ?» ሲላችሁ እሺ እያላችሁ ያለፋችሁት ሁሉም እዚያው።

እሪታው የሚመጣው ግን ልጅ ፓተርኑን (መክፈቻ መስመሩን) ያበላሸ ቀን ነው። ጠጋኙ ፓወርና ቮልዩም ተጭኖ ሪሴት ያደርገዋል (ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስነሳዋል)፤ ስልኩ ሲነሳ የቀድሞውን ጂሜይል አምጡ ይላል። ከአንድሮይድ 5.1 (2015 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያለ ነገር ነው፤ የተሠራው ሌባ የሰረቀውን ስልክ አጥፍቶ እንዳይጠቀምበት ነው። ስልካችሁ አልተበላሸም፣ እናንተን ሌባ ብሏችሁ ነው እንጂ! አይፎን ላይ ይከፋል። በሱቁ አፕል አይዲ (የአፕል አካውንት) የገባ አይፎን ባለሱቁ ከፈለገ ቤቱ ተቀምጦ ይቆልፈዋል።

ዓረብ አገር የምትሄዱ እህቶች ደግሞ፣ ሪከቨሪ ቁጥራችሁ (ፓስወርድ ሲጠፋ ኮድ የሚላክበት) እናታችሁ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ሲም ከሆነ ኮዱ የሚሄደው ወደ መሳቢያው ነው። ካርድ ሳይሞላበት የከረመ ሲም ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ የእናንተ ኮድ ለማታውቁት ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ሳትሳፈሩ ሪከቨሪ ኢሜይል ጨምሩ።

ማስተካከያው ደግሞ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ነው። ሴቲንግ፣ ጉግል፣ «ማኔጅ ዩር ጉግል አካውንት»፣ ሴኩሪቲ። እዚያ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ ከ12 ፊደል አይነስ፣ ስማችሁና ስልክ ቁጥራችሁም አይግባበት። ሪከቨሪ ፎን ላይ የሱቁ ልጅ ቁጥር ካለ በራሳችሁ ተኩት። ጉግል እስከ 7 ቀን ድረስ ኮድ ወደ አሮጌው ቁጥር ልላክ ሊል ስለሚችል ነገሩ ሁሉ ዛሬውኑ አለቀ ብላችሁ አትዘናጉ። «ዩር ዲቫይስስ» ውስጥ የማታውቁት ስልክ ካያችሁ ሳይን አውት በሉት። ቀጥሎ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩና ስልኩ እጃችሁ ላይ ባይኖር የምትገቡበትን ባክአፕ ኮድ አውጡ፤ 10 ናቸው፣ እያንዳንዱ 8 አሃዝ፣ አንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡት። ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ስልክ ላይ እንዳታኖሩት! ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋላ።

ጂሜይሉ የሱቁ ከሆነ ግን ፓስወርድ መቀየር ላይ አትድከሙ። የራሳችሁን ክፈቱ፣ ስሞቻችሁን ኤክስፖርት አድርጋችሁ ወደሱ አስገቡ፣ ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ገልብጡ (ከጉግል ፎቶስ ስታጠፉት ከስልኩም ሊጠፋ ይችላል)፣ ከዚያ ሱቁ አካውንት ውስጥ የተቀመጠውን ቅጂ አጥፉ። መጨረሻ ላይ አካውንትስ ገብታችሁ የሱቁን ሪሙቭ በሉት። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ ሰው አለ፤ መጀመሪያ ሪሙቭ ይልና ስሙ ሁሉ ሲጠፋ ስልኩን ይረግማል።

ስልኩን ለታናሽ ወንድም ስትሰጡም ሆነ ስትሸጡት እንደዚሁ፦ ጂሜይሉ ቀድሞ ይውጣ፣ ሪሴቱም በቁልፍ ሳይሆን ከሴቲንግ ውስጥ ይሁን። አለዚያ ገዢው በሦስተኛው ቀን ይደውላል፣ እናንተም ፓስወርዱን አታውቁትም።