የሞላ ሽጉጥ በበርሚንግሃምና በደሴ

እንግሊዝ አገር ተራ ሰው ሽጉጥ መያዝ ከተከለከለ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደንብሌን በምትባል የስኮትላንድ ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት አስተማሪ ገደለ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ሽጉጥን ከሰው እጅ ሰበሰበ። የኦሎምፒክ ሽጉጥ ተኳሾቻቸው ሳይቀሩ ለልምምድ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር። እኔ ግን እዚሁ በርሚንግሃም ቅዳሜ ቅዳሜ ሽጉጥ እተኩሳለሁ፤ ለዚያውም ያለ ፈቃድ ወረቀት። ደሴ ላሉት ዘመዶቼ ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔ ሽጉጥ ባሩድ አያውቅም። የሚሠራው በሞላ፣ ማለትም ተጨምቆ በሚፈናጠር ጥምዝ ሽቦ፣ እና በአየር ነው። ኃይሉ ከ8 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ካላለፈ እንግሊዝ ውስጥ 18 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ፈቃድ መግዛት ይችላል። ስኮትላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ፈቃድ ትጠይቃለች። የኔው ኃይል የ8 ጁሉ ግማሽ ላይም አይደርስም። ዌብሊ ይባላል፣ የተሠራውም እዚሁ በርሚንግሃም ነው። ፋብሪካው የአየር ሽጉጥ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። የኔው ከዚያ ብዙ ቆይቶ የወጣ ቢሆንም አሠራሩ ያው የድሮው ነው።

አንዲት ጥይት ለመተኮስ የሚጠይቀውን ሥራ ልንገራችሁ፣ ደስታው ያለው እዚያ ላይ ነውና። ከኋላ ያለችውን መቆለፊያ በአውራ ጣት ትገፋለህ። አፈሙዙ ይላቀቃል። ብድግ አድርገህ ወደ ፊት ትገለብጠዋለህ፤ ሞላው እየተጨመቀ ክንድህን ይታገላል፣ መጨረሻ ላይ ጠቅ ሲል ተቀባበለ ማለት ነው። ወገቧ ቀጠን ያለች 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ጥይት በጣትህ ጫፍ ትከትታለህ። አፈሙዙን መልሰህ ትዘጋለህ፣ እጅህን ትዘረጋለህ። ቃታውን ስትስብ ሞላው ፒስተኑን ይለቀዋል፣ ፒስተኑ አየሩን ይጨምቃል፣ አየሩ ጥይቷን ይገፋታል። ዌብሊ ላይ ፒስተኑ የሚሮጠው ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ስለሆነ እጅ ላይ የእውነተኛ ሽጉጥ ዓይነት ምት ያሳርፋል።

ችግሩም ጣዕሙም ታዲያ ጥይቷ ቀርፋፋ መሆኗ ነው። ፍጥነቷ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ነው። ገና ከአፈሙዙ ሳትወጣ ሽጉጡ መነቃነቅ ጀምሯል። በዚያች ቅጽበት እጅህ ከላላ አለቀ፣ ጥይቷ ወደፈለገችው ትሄዳለች። ስለዚህ ቃታውን ስበህም ጉዳዩ አላለቀም፤ እንደ አነጣጠርክ ትቆያለህ። ጀርመኖቹ ይህን ምት ለማጥፋት ብዙ ደክመዋል። ዲያና ሞዴል 6 ሁለት ፒስተኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እየሮጡ ምታቸው እንዲጠፋፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ፋይንቨርክባው 65 ደግሞ ላይኛው አካሉ ከእጀታው ላይ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት ተደርጎ ነው የተሠራው። እጅ ላይ ምንም አይሰማም፣ ድንቅ ሥራ ነው። እኔ ግን ዌብሊውን እመርጣለሁ። የእጅን ጥፋት አይደብቅም።

ደሴ ሄጄ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአጎቴ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ሰኞ ገበያ አካባቢ ይኖራሉ። ስለ ተኩሱ ብዙም ግድ አልሰጣቸውም፣ ስለ ፒስተኑ ግን ቁጭ ብለው ጠየቁኝ።

«ጓርኒሲዮኑ ምንድን ነው?» አየር እንዳያመልጥ የሚዘጋውን ማሸጊያ ማለታቸው ነው።

«በድሮዎቹ ላይ ቆዳ ነው ጋሼ።»

«ሲደርቅ ያፈስሳላ!»

እውነታቸውን ነው። ቆዳው ሲደርቅ አየር ያመልጣል፣ ጥይቷም ትደክማለች። ጠብታ ዘይት መድኃኒቱ ነው። ዘይቱ ከበዛ ግን ጭመቃው በሚፈጥረው ሙቀት ይቃጠልና ከአፈሙዙ ጭስ ይወጣል። ጋሼ ይኼኔ «ናፍጣ ሞተር በለኛ!» ብለው ሳቁ። ባዶውን መተኮስም አይወድም፤ ጥይት ከሌለ አየሩ ዝም ብሎ ስለሚያመልጥ ፒስተኑን የሚያበርድለት ነገር የለም፣ ሄዶ ይላተማል።

ከዚያ በስልኬ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ባለቤታቸው እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር። የመጀመሪያው ድምፅ እንደወጣ ጀበናውን አስቀመጡና «ዝጋው በሞቴ» አሉኝ። ጋሼ «አብሽሪ፣ የሞላ ነው፣ ባሩድ የለውም» አሏቸው። እኔ ግን ዘጋሁት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እትዬ እዚያው ቤት ውስጥ ነበሩ። ለሳቸው የሽጉጥ ቅርጽ ያለው ነገር ሁሉ ሽጉጥ ነው፤ ይህን ስሜት ማንም በማብራሪያ ሊያነሳው አይችልም።

የኔም ትዝብት የሚጀምረው ከዚህ ነው። አገር ቤት መሣሪያ ያለው ሁለት ፊት ብቻ ነው። አንዱ ኩራት ነው፤ ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው። ሌላው ሐዘን ነው። ማነጣጠር የሚባለው ጥበብ በሁለቱ መካከል ጠፍቷል። ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው የሚያነጣጥረው ነገር የለውም፣ የወደቀችው ጥይት ማን ላይ እንዳረፈችም አያውቅም። እዚህ በርሚንግሃም፣ ክለባችን አዳራሽ ውስጥ ግን ከጡረተኛ እስከ ወጣት አሥር ሜትር ላይ ቆመው 17 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ይተኩሳሉ። መሃሏ ያለችው አሥር ቁጥር ስፋቷ 11.5 ሚሊ ሜትር ናት። አፈሙዝ ከኢላማው ሌላ ወደ የትም አይዞርም። ሁሉም አስቀምጧል ሳይባል ማንም ወደ ፊት አይራመድም። መንገድ ላይ ባዶውንም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መገኘት ወንጀል ነው፤ ሁሉም በሳጥን ዘግቶ ነው የሚሄደው። ሲጨርሱ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ እርሳስ ነክተዋልና። ሽጉጥ ይዞ የሚፎክር ሰው አይቼ አላውቅም።

የሚጎድላቸው ነገር አለ፣ እሱንም እናገራለሁ። ጨዋታ የላቸውም። ይተኩሳሉ፣ ነጥብ ይጽፋሉ፣ ሻይ ጠጥተው ወደየቤታቸው። ድሮ እዚሁ መጠጥ ቤቶች ውስጥ በአየር ጠመንጃ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማትሰፋ ቀዳዳ ይተኮስ ነበር፤ ጥይቷ ከገባች ከጀርባ ያለው ደወል ይጮኻል፣ ቤቱም አብሮ ይጮኻል። አሁንም የያዙት አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። እኛ ልጆች ሳለን ግን ደሴ ፒያሳ በበዓል ሰሞን ፍሎበር የሚባለውን ቀላል ጠመንጃ ይዞ ኢላማ የሚያስተኩስ ሰው ይመጣ ነበር። ተኳሹ አንድ፣ መካሪው ሃያ። «አፈሙዙ ጠማማ ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዝ!» «ትንፋሽህን ዋጥ!» የሳተውን አያ እገሌ ትከሻውን መታ አድርገው ያጽናኑታል። እንዲህ ያለ ተመልካች ያለው ተኩስ እዚህ በገንዘብም አይገኝ።

ቦርከና ወንዝ ዳር የላስቲክ ወንጭፍ የያዙ ልጆች አየሁ፣ ጠርሙስ ደርድረው። ከመካከላቸው አንዱ ከለቀቀም በኋላ እጁን ሳያወርድ ጠጠሩን በዓይኑ ይከተል ነበር። ማንም አላስተማረውም። እኔ ይህን ለመልመድ ክለብ ገብቼ መምህር አስፈልጎኛል። ይህ ልጅ ነገ ክላሽ እንጂ ሌላ የሚያነጣጥርበት ነገር የማያገኝ ከሆነ በጣም ያሳዝነኛል።

የአሥር ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር ከ1988 (እ.ኤ.አ.) የሴኡል ኦሎምፒክ ጀምሮ አለ። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች አገር ቤት የተኩስ አዳራሽ ለመክፈት የሚያስፈልገው ረጅም ክፍል፣ ጥይት የሚያስቀር ሳጥን፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ነው። ጋሼ ቦታው ኮምቦልቻ ይሁን ይላሉ፣ ምክንያታቸውም የመካኒክ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፒስተኑ የሚጨምቀው ያንሰዋል፣ ጥይቷም ትንሽ ትደክማለች። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ይሻላል። እኔ ደግሞ ቦታው የትም ይሁን፣ አንድም ሽጉጥ ከመምጣቱ በፊት ፖሊስና የሰፈሩ ሰው ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት እላለሁ፤ የመሣሪያ አዋጁም፣ ቁጥር 1177/2012፣ በሕግ ባለሙያ ይታይ። ግድግዳው ወፍራም ይሁን። ድምፁ እትዬ ቤት መድረስ የለበትም።