ይድረስ ለክቡር የግራው ዳዶ

ጉዳዩ፦ አልፈታም ብለው በመጨረሻ ስለመሰበርዎ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከተላጡት ሦስት ጣቶቼ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አድራሻዎ አልጠፋኝም። እስከ ቅዳሜ ረፋድ ድረስ የሞተር ሳይክሌ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ከሞተሩ ራስ ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ በስተግራ ተሰይመው ነበር። አሁን ከነታቀፉት ግማሽ ብሎን በኪሴ ውስጥ ነዎት።

የመጣሁት ለጠብ አልነበረም። በመካከል ያለችው የመዳብ ቀለበት ተበልታ ጋዝ ስለምታሾልክ፣ ነዳጅ በቀነስኩ ቁጥር ሞተር ሳይክሌ እንደ ጥይት ትንጣጣ ነበር። ሰኞ ደግሞ የቦሎ ምርመራ ነበረብኝ። እየተንጣጡ ምርመራ መግባት ምን እንደሚያስከትል ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ አምና ሰልፉ ላይ አብረን ነበርን።

ዓርብ ማታ ናፍጣ አጠጣሁዎት። ቅዳሜ በማለዳ በሽቦ ብሩሽ ፊትዎን አጠብኩ፤ የሚረጭ የዝገት ዘይትም ገዝቼ ጨመርኩልዎ። ይህን ያህል መስተንግዶ ለአማቴም አላደረግኩም። የ10 መፍቻ ባቀርብልዎ ተንሸራተተ፤ ዝገት ጠርዝዎን ስለበላው አሥር መሆን ትተዋል። የ9 ባመጣ ደግሞ ወደ ዘጠኝ መውረድ ለክብርዎ አልመጥን አለ። በመዶሻ እየመታሁ የ9ኙን በግድ አጎረስኩዎት።

ጎረቤቴ የቡና ስኒያቸውን እንደያዙ ወጡ። ልጆችም ተሰበሰቡ። መፍቻው ላይ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩ። ጭጭ። ደግሜ ተንጠለጠልኩ። ያን ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና መፍቻው በእጄ ላይ እንደ ቅቤ ለሰለሰ።

«ተፈታ!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሰይ! ብዬህ ነበር እኮ፣ ትዕግሥት ነው» አሉ ጎረቤቴ፤ ምንም ሳይሉኝ።

እርስዎን በመዳፌ ላይ አስቀምጬ እንደ ዋንጫ አሳየሁ። የጎረቤቴ ትንሿ ልጅ ጠጋ ብላ አየችና «ጋሼ፣ ሌላው ግማሹስ?» አለች። ያኔ ነው የገለበጥኩዎት። ብሎኑ በውስጥዎ እንዳለ ተቀንጥሷል። የስብራቱ ዳር ዳር ቡናማ ነው፤ መሀሉ ላይ ብቻ የምስር ፍሬ የምታህል ንጹህ ብረት ታበራለች። ለካ እስካሁን ማርሚታውን ይዛ የኖረችው እርሷ ብቻ ናት። ጎረቤቴ ምንም ሳይናገሩ ስኒያቸውን ይዘው ገቡ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማርሚታውን በሽቦ አስሬ ሞተሯን እየገፋሁ ጋራዥ ሄድኩ። በመንገድ ላይ አራት ሰዎች «ነዳጅ አጥተህ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው፤ ያ እንኳ የሁላችንም ውርደት ነው። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና ማንኛውም መካኒክ የሚጠይቀውን ጠየቀኝ፦ «ይህን ማን ነካው?»

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

እርሱ እንዳስረዳኝ፣ ከመንካት በፊት እሳት ነበር የሚያስፈልገው። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ሲሞቅ ከብረቱ በእጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ብሎኑን ይለቃል። አሁን ግን ከቴስታታው የወጣው ጉማጅ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በላዩ አዲስ ዳዶ በይዶ በዚያ ሙቀት ማዞር ይሞከራል፤ እምቢ ካለ በትራፓኖ ተበስቶ በቶርኖ ቤት አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። ብሎኑ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቅኩ። አንዱ መለዋወጫ ሻጭ ከቴስታታው ጋር ካልሆነ አይሸጥም አለኝ። ለአንዲት ቁልፍ ሙሉ ኮት ግዛ እንደማለት!

እስቲ አሁን እውነቱን እንነጋገር። «እርስዎ» ማለቱ ከዚህ በላይ አልሆነልኝም። አንተን አምና ያሰረህ ሰው እጁ በግራሶ ተለውሶ ነበር፤ ስልኩን ሊያነሳ ሲል ሱሪው ላይ ሲጠርገው በዓይኔ አይቻለሁ። ለሱሪው ያልሰሰተውን ለአንተ ነፈገህ! (እርግጥ ተራ ግራሶ በዚያ ቦታ ይቃጠላል፤ የሚያስፈልገው መዳብ ያለበት ሙቀት የሚችል ቅባት ነው፤ እርሱም ጥፍር ታህል ይበቃል።) የጠየቀኝን ከፍያለሁ። አንዲት ብር አልተከራከርኩም። ደረቅ ጥርስ ላይ ደረቅ ዳዶ፣ ከዚያ መፍቻው ላይ በእግሩ ቆሞ ማጥበቅ፣ ከዚያ «ጨርሻለሁ ወንድሜ»። የሚፈታው ሌላ ሰው ነዋ! እርሱ ምን ቸገረው? ሁለት ቀን ሥራ የፈታሁት እኔ፣ የቦሎ ቀኔ ያለፈው እኔ፣ ቅጣቱን የምከፍለው እኔ!

ይቅርታ ክቡር ዳዶ፤ ስሜት አሸነፈኝ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ስመላለስ የጋለ ማርሚታ ጭቃ ውሃ ውስጥ የነከርኩት፣ ደርሼም ሳይቀዘቅዝ ላቫጆ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ዝገት ደግሞ ብረቱን በልቶ ሲያበቃ ከበላው የሰፋ ቦታ ይዞ ይቀመጣል አሉ። እንዲህ ያለውን በቢሮ አውቀዋለሁ።

መካኒኩ የቀጠረኝ ለረቡዕ ነው። ማርሚታው እንዲወጣ ግን አስቀድሞ የቀኙ ዳዶ መፈታት አለበት። «አንተ እንዳትነካው» ብሎኛል፤ ሁለት ጊዜ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀኙ ዳዶ
ባሉበት። ናፍጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቀርቦልዎታል።