ጤነኛ ውሻ ይዛችሁ የሞት መርፌ ለምትጠይቁ

እናንተ ጤነኛ ውሻ እየጎተታችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ደጃፍ የምትሄዱ ወገኖች፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። በማይድን ሕመም የሚቃትት እንስሳ ይዞ የሚመጣውን ሰው አልወቅስም፤ ሐዘኑ ይበቃዋል። የምወቅሰው «ቤት ቀየርን፣ ልጅ ወለድን፣ ጩኸቱ ጎረቤት አስቀየመ» ብላችሁ ገና ብዙ ዕድሜ የቀረው ውሻ በመርፌ እንዲገደል የምትጠይቁትን ነው።

ሐኪሙ «ሌላ አሳዳጊ እንፈልግለት» ሲላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? «አይሆንም! ከእኔ ሌላ ሰው አይለምድም፤ በሰው እጅ ከሚሰቃይ ይሙት» ትላላችሁ። እንባችሁ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ፍርዳችሁ ግን ጠማማ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል የተባለው እኮ በከንቱ አይደለም። የሚያበላው፣ የሚያጫውተውና በሰዓቱ የሚያወጣው ሰው ካገኘ አብዛኛው ውሻ አዲስ ቤት ይለምዳል። መጀመሪያ ይደነግጣል፣ በር በሩን ያያል፣ ምግቡን ገፋ ያደርጋል፤ ቀስ በቀስ ግን ይበላል፣ ይጫወታል። የማይለምደው የእናንተ ኩራት ነው። የእናንተ የነበረ ውሻ ለሌላ ሰው ጅራቱን ሲቆላ ማሰብ አስጠልቷችኋል። ይህን ቅናት ፍቅር ነው ብላችሁ ለሐኪሙ አትንገሩት፤ ሰምቶታል፣ ሰልችቶታልም።

በብዙ አገሮች ሕጉ ለእናንተ ያደላል፤ እንስሳው ንብረታችሁ ነውና። በእንግሊዝ አንድ ሐኪም ሕግ ካላዘዘው በስተቀር ጤነኛ እንስሳ የመግደል ግዴታ የለበትም፤ እምቢ ማለት ይችላል። ያለ ፈቃዳችሁ ለሌላ ሰው መስጠት ግን አይችልም። ስለዚህ እሱ እምቢ ሲል እናንተ እሺ የሚል ሌላ ሐኪም ፍለጋ ትወጣላችሁ። ጀርመን በዚህ ጠንከር ያለች ናት፤ የጀርባ አጥንት ያለውን እንስሳ ያለ በቂ ምክንያት የገደለ ሰው፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት ይጠብቀዋል። ጣሊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ሕግ በመጠለያ የሚገኝ ውሻ የሚገደለው በጠና ታምሞ የማይድን ወይም አደገኛነቱ የተረጋገጠ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ደንግጋለች።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ነው። ባለቤቱ እንስሳውን በክሊኒክ ትቶ በተቀጠረበት ቀን ሳይመጣ 14 ቀን ካለፈ፣ እንስሳው እንደተጣለ ይቆጠራል፤ ሐኪሙም ወደ መግደል ከመሄዱ በፊት ቢያንስ ለ10 ቀን አዲስ አሳዳጊ ወይም መጠለያ መፈለግ አለበት። እንግዲህ አስቡት፤ ጥሎት የጠፋ ሰው ውሻ 10 ቀን ሲፈለግለት፣ እናንተ በገመድ ይዛችሁት የገባችሁት ውሻ ግማሽ ቀን እንኳ አያገኝም። ከጨካኙ ሰው የባሰ ነገር በራሳችሁ ፊርማ አደረጋችሁ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ቱክ የተባለ ወጣት ውሻ በመርፌ ተገደለ። ከቆዳው ሥር ያለው ማይክሮችፕ (በመሣሪያ የሚነበብ መለያ ቁጥር የያዘ ቅንጣት) ቢነበብ፣ ችግር ቢመጣ መልሶ የሚረከበው የተጣሉ እንስሳትን የሚያነሣ ድርጅት መኖሩን መዝገቡ ያሳይ ነበር። ማንም ግን አላነበበውም። ከረጅም ውትወታ በኋላ የሐኪሞቹ የሙያ መመሪያ ተሻሻለ፤ ውሻው ለጤናው ወይም ለደኅንነቱ ሲባል መሞት የማያስፈልገው ከሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ ማይክሮችፑን እንዲያነብ ተደረገ። ከመጠለያ የወሰዳችሁት እንስሳ ካለ ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት፤ «ማሳደግ ካቃታችሁ ለእኛ መልሱ» የሚል አንቀጽ ሳይኖረው አይቀርም። አፍራችሁ ነው የማትደውሉት። እፍረታችሁን እናንተ ቻሉት እንጂ ውሻው አይሙትበት።

እናንተም፣ «ገድዬዋለሁ» ብሎ ዋሽቶ እንስሳውን በድብቅ ለሌላ ሰው የሰጠ ሐኪም ሲገኝ የምታጨበጭቡ፣ ቆም በሉ። ርኅራኄው ይገባኛል። ነገር ግን የባለቤቱን ፈቃድ አፍርሷል፤ ምናልባትም ባለቤቱ ሳይናገር የቀረውን ተናካሽ ውሻ ልጆች ወዳሉበት ቤት ልኮታል። ነገ በእውነት የሚሰቃይ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰውም፣ ውሻው ከስቃዩ ስለማረፉ እርግጠኛ መሆን ያቅተዋል። ጭብጨባችሁን ትታችሁ ሕግ ጠይቁ፦ የግድያ ፈቃድ ቅጽ ከመፈረሙ በፊት የባለቤትነት ማስተላለፊያ ቅጽ እንዲቀርብ፣ በግልጽ ፈቃድ ተረክቦ አሳዳጊ የሚፈልግ ሐኪም በኋላ እንዳይከሰስ፣ የማቆያው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅም እንዲደነገግ። ወጪውን ዝም ብሎ ሐኪሙ ላይ የሚጥል ሕግ ግን ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ክሊኒክ ስንት ውሻ ማኖር ይችላል?

የተናከሰ፣ ሰው ያቆሰለና ባለሙያ መርምሮ ጠባዩ አይታረምም ያለው ውሻ ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱን ለሌላ ማስተላለፍ በሌላ ቤተሰብ ላይ አደጋ መጣል ነው። ይህን የሚወስነው ግን የእናንተ መሰልቸት ሳይሆን ምርመራው ነው።

ማስተላለፊያውን ስትፈርሙ ደግሞ እውነቱን ጻፉ። ነክሶ እንደሆነ ማንን፣ መቼ፣ ምን ሲደረግበት። ድመት ያሳድድ እንደሆነ፣ ነጎድጓድ ይፈራ እንደሆነ፣ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያደርግ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ። «ጨዋ ነው» ብላችሁ ብቻ የሰጣችሁት ውሻ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የተመለሰን ውሻ ደግሞ የሚደፍር አሳዳጊ ጥቂት ነው።