ለቀለበት መንገድ፣ ባለህበት

ጉዳዩ፦ አክስቴ ቤት ቡና ለመጠጣት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አንተን ከመሻገር በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መጀመሪያ አንቱ ልበልህ ብዬ ነበር። ዕድሜህ ሃያውን አልፏል፣ የተሸከምከውም ቀላል አይደለም። ኋላ ሳስበው ግን በየቀኑ እያቆመ ለሚያውለኝ አንቱታ ይበዛበታል አልኩ። አንተ ነህ፤ አትቀየመኝ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቻይናዎቹ መጥተው አንተን መቆፈር ሲጀምሩ ልጅ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ብብታችን ስር ወትፈን ግሬደሩን እናያለን። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ጥላ ስር ተቀምጠው "ከመካኒሳ ቦሌ በአስር ደቂቃ!" ይባባላሉ። ማናቸውም ቦሌ ጉዳይ አልነበራቸውም። ግን ደስ ብሏቸው ነበር።

ሐሰት አልናገርም፣ መጀመሪያ ላይ ደግ ነበርክ። ቦሌ ለመሄድ ሜክሲኮንና መስቀል አደባባይን መርገጥ ቀረልን። ከባድ መኪናውም መሀል ከተማ እየገባ ከሚተራመስ በአንተ ዞሮ ይሄድ ጀመር። ይህን ውለታህን አልክድም።

ስምህ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ቀለበት ማለት ዞሮ የሚገጥም ነገር ነው። አንተ ከመገናኛ ተነስተህ በቦሌ፣ በሳሪስ፣ በመካኒሳ፣ በጦር ኃይሎች አድርገህ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዝክ በኋላ ዊንጌት ላይ ደከመህ። እንጦጦ ስር ያለውን ሰሜኑን ተውከው። እንዲህ ያለ ቀለበት ለሙሽራ ቢቀርብ ሽማግሌዎቹ ቀለበቱን ይዘው ይመለሱ ነበር። ካርታ ላይ ሳይህ ማጭድ ነው የምትመስለው። ማጭድ መንገድ ቢሉህ ኖሮ ማንም አያማህም ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የአክስቴ ቤት ከበራችን ላይ ቆሞ ይታያል። ሰማያዊ በር ነው፣ ከጎኑ ባሕር ዛፍ አለ። ድሮ እናቴ ቡናውን ስትወቅጥ "ሂድ፣ አክስትህን ጥራት" ትለኛለች። እሮጣለሁ። አቦሉ ሳይቀዳ አክስቴ ነጠላዋን እያጣፋች ከተፍ ትላለች። አንተ ከመጣህ ወዲህ በስልክ ነው የምንጠራት። ቡናው ሳይቆላ ብንደውል እንኳ በረካው ላይ ነው የምትደርሰው። እናቴም ስኒውን እያቀበለቻት "አገር አቋርጠሽ መጣሽ፣ እረፍት አድርጊ" ትላታለች።

ድልድይ አለ ትለኝ ይሆናል። አለ። ከእኛ በር ወደ ግራ አስራ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ አስራ አምስት ደቂቃ። መሀሉ ደረጃ ነው። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል፣ በየሦስት ደረጃው ቆም ትላለች። ስትቆም ደግሞ ካልሲ የሚሸጠው ልጅ ጋ ነው። "እማማ፣ ካልሲ" ይላታል። የሰው ዕቃ ፊት ቆሞ ምንም ሳይገዙ መሄድ ይሉኝታ ይይዛታል፣ ትገዛለች። ዛሬ የቤተሰባችን ካልሲ በሙሉ የድልድዩ ነው። የእኔ ስድስቱም ጥቁር ናቸው፤ አንዱ ብቻ የግራ እግር ይመስለኛል።

ሁለተኛው አማራጭ መሀል ያለውን አጥርህን መዝለል ነው። ሲዘሉ በዚያው የቀሩ አሉ፣ በእነሱ አልቀልድም። የሚዘለውም ሰው አደጋው ጠፍቶት አይደለም፤ ሥራ ረፍዶበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቀው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከረባት ያሰረ ጎልማሳ አየሁ። መጀመሪያ ቦርሳውን አሻገረ። ከዚያ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ሳበና አንድ እግሩን ሰቀለ። ኮንክሪቱ ላይ እንደ ፈረሰኛ ተቀመጠ። በግራው መኪና፣ በቀኙ መኪና። እዚያው እንዳለ ስልኩ ጠራ። አነሳውና "እየደረስኩ ነው፣ መንገድ ላይ ነኝ" አለ። እንደ እሱ ይህችን ቃል እውነት አድርጎ የተናገራት ሰው አላየሁም።

የአክስቴ ባል ያረፈ ጊዜ ግን አላሳቀኝም። ዕድራችን ድሮ የተመሠረተው አንተ ሳትኖር ነው፤ ግማሹ አባል እዚህ፣ ግማሹ ማዶ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ድስት ያለው እኛ ጋ ነው። ለቅሶው ማዶ። ፒክአፕ ተለምኖ ዕቃው ተጫነና እዚያ የሚታየው ሰማያዊ በር ለመድረስ ጉዞ ተጀመረ። ሾፌሩ ማዞሪያው ድረስ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ነው የሚመጣው። ሰዓቱ ደግሞ የሥራ መውጫ ነበር። እኛ ተሻግረን ደርሰን፣ ከማዶ ሆነን የራሳችንን ድንኳን መኪና ላይ ተጭኖ ቆሞ እናየዋለን። አንዱ በእጁ ምልክት ያሳየዋል። ሾፌሩም እጁን ዘርግቶ "ምን ላድርግ?" ይላል። ሴቶቹ ድስቱን ሁለት ሁለት ሆነው ይዘው በድልድዩ ቀደሙት።

በሚቀጥለው ስብሰባ የዕድሩ ዳኛ "ማዶ ያላችሁ የራሳችሁን ብታቋቁሙ" አለ። ማዶ! አንተ ሳትመጣ ማዶ የሚባል ሰፈር አልነበረንም። አክስቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

መስከረም 2008 ላይ የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር፣ ይህ ደግሞ ያግዝሃል ብለን ነበር። እሱም አጥር ይዞ መጣ። አንተ ዳሩን ስትከፍል እሱ መሀሉን ከፈለው። መገናኛ ላይ ደግሞ ሁለታችሁም ተገናኛችሁ። ለዚያ ቦታ ስም ያወጣለት ሰው ነቢይ መሆን አለበት፤ ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ ባቡሩ፣ እግረኛው ሁሉ ይገናኛል። መለያያ የሚባል ቦታ አለመሥራታቸው ነው ችግሩ።

አሁን ደግሞ አንተም ታመሃል። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የፍጥነት መንገድ መሆንህን የሚያስታውስ የለም። ረዳቱ ከሚኒባሱ ወርዶ በእግሩ ይቀድማል። ውሃና ሶፍት የሚሸጡት ልጆች በመኪኖቹ መሀል እንደ ሱቅ ይዘዋወራሉ። ሾፌሮቹ ይራገማሉ፣ ጥሩምባው ጆሮ ያደነቁራል፣ ሬዲዮው "ትዕግሥት" ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሾፌሮቹ እንዳትነግርብኝ። እኔ ደስ ይለኛል። መኪናው ሁሉ ሲቆም አጥርህ ላይ ክፍተት ባለበት በኩል፣ ቀስ ብዬ፣ መኪናዎቹን በእጄ እየዳበስኩ እሻገራለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንዳንዱ ሾፌር እንዲያውም "እለፍ ወንድሜ" ይለኛል፤ ምን ይከፍልበታል፣ እሱ እንደሆነ አይሄድም። ስትሮጥ አክስቴን ትወስድብኛለህ፤ ስትታመም ትመልስልኛለህ። የመኪና ባለቤት ብሆን ኖሮ ይህን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እንደ ሌላው ሰው ይስፋ፣ ይታደስ፣ ድልድይ ይጨመርበት ብዬ አላመለክትም። ይህን የጠየቁ ብዙ አሉ፣ ሰልፉ ረጅም ነው። የእኔ ልመና ትንሽ ናት። እሑድ እሑድ መኪና ስለማይበዛ ትፈጥናለህ። አክስቴም ጉልበቷ እየባሰባት ነው፣ ደረጃውን ትታዋለች። እባክህ በሚመጣው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ለአንድ አቦል ያህል ብቻ፣ ተዘጋጋልን። እሷ ስትመለስም እንዲሁ። በረካው ካለቀ በኋላ እንደ ፍጥርጥርህ ሁን።

ከሰላምታ ጋር
ማዶ ያለው ጎረቤትህ

ግልባጭ፦
ለመገናኛ አደባባይ
ለዕድሩ ዳኛ (ለማስታወስ ያህል)
ድልድዩ ላይ ካልሲ ለሚሸጠው ልጅ፤ እሑድ አክስቴ እንደማትመጣ አውቀህ እንዳትጠብቃት