በእንቅርት ላይ ቫይታሚን

ደብረ ብርሃን ላይ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለችው ሆርሞን አምራች ዕጢ) ታማሚ ከሆንሽ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪምሽ ነው። "ደከመኝ" ስትይ አንዷ "ደም አንሶሽ ነው፣ አይረን ዋጪ" ትልሻለች። ፀጉርሽ ከረገፈ የፀጉር ቫይታሚን ይመጣልሻል። ጉልበትሽን ከያዝሽ ካልሲየም። "በረደኝ" ስትይ ብቻ ማንም አይሰማሽም። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ በረደኝ ማለት ምን ወሬ ነው? እኔንም መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም "ጋቢ ደርቢ" ብሎ ነው የሸኘኝ። ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ የታዘዘልኝ ቆይቶ፣ ድምፄ ሻክሮ ፊቴ ካበጠ በኋላ ነው።

እሺ፣ እሱስ አለፈ። አሁን አንጀቴን የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ክኒን የሚሰጠኝ ሰው ሞልቷል። "ሌላ ምን ትወስጃለሽ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ግን ጠፋ።

የምወስደው ሌቮታይሮክሲን ነው። ዕጢዬ ማምረት ያቃተውን ሆርሞን ይተካልኛል። ክኒኗ ትንሽዬ ናት፣ ግን ማዕድ መጋራት አትወድም። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቀድማ ነው የምትዋጠው። ካልሲየም ወይም አይረን አብሯት ከገባ ሆድ ውስጥ ይጣበቅባታል። ያኔ አንጀት በደንብ ሳይመጥጣት ታልፋለች። ክኒኑን ውጠሻል፣ ብሩንም ከፍለሻል፤ ደምሽ ውስጥ የሚደርሰው ግን ቀንሷል። ለዚህ ነው በመሃላቸው ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር የሚባለው። ማዕድን የተቀላቀለበት መልቲቫይታሚንም ያው ነው። ለጨጓራ የሚወሰዱት ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ያለባቸው መድኃኒቶችም ያው ናቸው።

ይሄ ምስጢር አይደለም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ግን እዚህ አገር ካርቶን የሚሰጠው ማን ነው? ፋርማሲው የወርሽን ቆጥሮ ይሰጥሻል፣ ወረቀቱ እዚያው ይቀራል።

ጉልበቴን አሞኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካልሲየም ከቫይታሚን ዲ ጋር ታዘዘልኝ። ታይሮይድ እንዳለብኝ ተናግሬአለሁ፤ ካርዴ ላይም ተጽፏል። ፋርማሲ ስደርስ ልጁ ሁለቱንም መድኃኒት በአንድ ፌስታል አደረገና ሁለቱም ላይ "ጠዋት 1" ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ላይ! "አብሬ ልዋጣቸው?" ብዬ ጠየቅሁት። "ቫይታሚን እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው" አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝ።

እንደተጻፈው ዋጥኩ። የሚቀጥለው ምርመራ ላይ ቲኤስኤቼ ሽቅብ ወጣ፤ እሱ ሲወጣ ሆርሞኑ አንሷል ማለት ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አየና ዶዜን ከ75 ወደ 100 ማይክሮግራም ከፍ አደረገው። እንዴት ነው የምትወስጂው አላለም። ከምን ጋር አላለም። ቀጣይ ተረኛ ጠራ።

ከዚያ ካልሲየሙ አለቀ። እንግዲህ የሚጣበቅባት ነገር ሲጠፋ ከፍ ያለው ዶዝ እንዳለ መግባት ጀመረ። ሌሊት ልቤ ድም ድም ይላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ሆኜ እነቃለሁ። በታኅሣሥ! በደብረ ብርሃን! እናቴ "ዓይን ነው" አለች። እኔ የምለው፣ ይሄ እንደኔ ባለ ሰው ላይ ሲደርስ ተሰቃይቶ ያልፋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ግን የበዛ ዶዝ የልብ ምት ያዛባል፣ ሲቆይ ደግሞ አጥንት ያሳሳል። ለአጥንት ተብሎ በታዘዘ ካልሲየም ሰበብ ዞሮ ዞሮ አጥንት የሚያሳሳ ዶዝ ላይ መድረስ! ሳቅ ነው ለቅሶ?

ዶዝ ከተቀየረ በኋላ እንደገና ለመመርመር ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ አለ። ሆርሞኑ ቶሎ አይረጋም። ስትጠብቂ ከርመሽ ላቦራቶሪ ስትሄጂ "ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል" ትባያለሽ። ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ። የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የምርመራው። ይሄ ሁሉ የመጣው አንዲት ጥያቄ ባለመጠየቋ ነው።

ቡናው ደግሞ አለ። ቡናም የክኒኗን መመጠጥ ይቀንሳል። እኛ ቤት ጀበናው ገና ሳይነጋጋ ነው የሚጣደው። "ትንሽ ልቆይ" ስል "አኩርፈሽ ነው?" እባላለሁ። ቡና ያልጠጣ ሰው እዚህ ወይ አኩርፏል ወይ ተጣልቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት አይታወቅም። ጾም ሲመጣ ጭራሽ ባሰ። ጠዋት ክኒን በውኃ ስውጥ ያየች ጎረቤት "ጾሙን ገደፍሽው?" ትለኛለች። የንስሐ አባቴ "መድኃኒት ነው ልጄ፣ ውሰጂ" ብለውኛል፣ ነገሩ አልቋል። እንዲያውም እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ባዶ ሆድ ከዚህ በላይ የት ይገኛል? ጠዋት አልመች ያለው ደግሞ ሐኪሙን አማክሮ ማታ፣ እራት ከበላ ከ3 ሰዓት በኋላ ሊያደርገው ይችላል። ካልሲየሙን ከእራት ጋር ከዋጠ ግን ያው ተመልሶ እዚያው ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ሻንጣ እንምጣ። አክስቴ አሜሪካ ናት፤ ትወደኛለች፤ በየዓመቱ አንድ ፌስታል ሙሉ ቫይታሚን ትልክልኛለች። ባለፈው የባሕር አረም ክኒን መጣ። አዮዲን አለበት ተብሎ። "እንቅርት የአዮዲን እጥረት ነው፣ መንዝ እያለን አሮጊቶቹን አላየሽም?" አለችኝ በስልክ። እውነቷን ነው፣ በደጋው አገር እንቅርት በአዮዲን እጥረት ሲመጣ ኖሯል። ለዚህም ነው ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር በሕግ የተደነገገው። የኔ ግን ከዚያ አይደለም። የኔን ዕጢ ያጠቃው የገዛ ሰውነቴ የመከላከል አቅም ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። አንዳንዱ የባሕር አረም ክኒን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል። ሲበዛ የኔን ዓይነቱን ዕጢ ይባስ ያዳክመዋል፣ እባጭ ያለበትን ሰው ዕጢ ደግሞ ከልክ በላይ ሊያሠራው ይችላል። ይሄን ለአክስቴ ማን ያስረዳታል? "እዚህ ሁሉም ይወስደዋል" ብላ ዘጋችብኝ።

ሴሌኒየምም ነበረበት። በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮግራም ነው፣ ከ400 በላይ እንዳይወሰድ ይመከራል። ካለፈ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል። እኔ እኮ ፀጉሬ ረገፈ ብዬ ነው የተላከልኝ!

የፀጉሩ ክኒን ግን የሁሉም አለቃ ነው። ባዮቲን። ቫይታሚን ቢ7 የሚሉትም እሱኑ ነው። ለሰው 30 ማይክሮግራም ይበቃዋል፤ የፀጉር ክኒኑ ላይ 5000 ወይም 10000 ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ክፋቱ ዕጢውን አይነካም፤ ምርመራውን ነው የሚያታልለው። አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ራሳቸው ባዮቲን ተጠቅመው ነው የሚሠሩት። ደምሽ በባዮቲን ሲሞላ ቲኤስኤችሽ ሳይወርድ ወርዶ ይነበባል፣ ሆርሞንሽ ሳይበዛ በዝቶ ይታያል። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ "ዶዝሽ በዝቷል" ይልና ይቀንስብሻል። አንቺ ደግሞ እየደከመሽ፣ እየወፈርሽ፣ ፀጉርሽም እየባሰበት ይሄዳል። ከዚያስ? ሌላ የፀጉር ቫይታሚን! ከምርመራ በፊት ቢያንስ 2 ቀን መቆም አለበት። ደም የሚቀዱት ሰዎች "ቁርስ በልተሻል?" ይሉኛል፤ ስለ ባዮቲን ያነሳብኝ አንድም ሰው የለም።

ቫይታሚን ሁሉ ጠላት ነው አላልኩም። የታይሮይድ በሽታዋ እንደኔ ከሰውነት መከላከያ የመጣ ሰው የቢ12 እጥረት ሊያገኛት ይችላል። ጾም የምታበዛ ደግሞ ይብስባታል፤ ቢ12 ያለው ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና እንቁላል ውስጥ ነው። እሱን አስመርምሮ፣ ከጎደለ መውሰድ ነው። ብቻውን ሲሆን ከክኒኗም ጋር አይጣላም። ግን በግምት? "ለእኔ ጠቅሞኛል" በሚል?

ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። መንዝ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ታይሮይድም አለባት። ለእርግዝናዋ ክትትል ስትሄድ አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር ሰጧት። ደግ አደረጉ፣ ያስፈልጋታል። ግን "ከሌላው ክኒንሽ ጋር ጠዋት በባዶ ሆድ" ብለው ሰደዷት። ነፍሰ ጡር የታይሮይድ ሆርሞን ፍላጎቷ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱም የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። ማለትም ክኒኗ በደንብ መግባት በሚኖርባት ሰዓት ላይ ነው አይረኑን የሚደርቡባት። ደውላ ስትነግረኝ ጮህኩ። ሁለቱንም እንዳታቆም፣ ታይሮይዱን ጠዋት 12 ሰዓት፣ አይረኑን ከሰዓት በኋላ እንድታደርግ፣ ቲኤስኤቿንም ቶሎ እንዲያዩላት እንድትጠይቅ ነገርኳት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለነርሷ ነገረቻት። "ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" ተባለች። "እህቴ" ስትል "እህትሽ ዶክተር ናት?" አሏት።

አይደለሁም! ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ አይደለሁም፣ ፋርማሲስት አይደለሁም። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አለ። እኔ የምጠይቀው ስብሰባም ሥልጠናም አይደለም። መድኃኒቱን የምትሰጡበት ፌስታል ላይ፣ ከ"ጠዋት 1" ቀጥሎ፣ "ከአይረንና ከካልሲየም 4 ሰዓት ይራቅ" ብላችሁ ጻፉበት። ቦታ የለውም እንዳትሉኝ፤ ዋጋው ተጽፎበት አይቻለሁ።